የድሮው ፓወር ሰፕላይ አዲሱን ኮምፒውተር ይችለዋል?

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲታደስ ብዙውን ጊዜ የሚቀየሩት ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱና ሜሞሪው ናቸው፤ ግራፊክስ ካርድም ይጨመራል። ኬዙና ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ወደሚስማማ ቮልቴጅ የሚቀይረው ሳጥን) ግን ባሉበት ይቀራሉ። ኬዙ ቆርቆሮ ስለሆነ አሥር ዓመት ቢቀመጥም ያው ነው። ፓወር ሰፕላዩ ግን በሠራ ቁጥር ያረጃል፤ ክፉኛ ሲበላሽ ደግሞ ከእሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

እንዲህ ሲባል የድሮ የሆነ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። በደንብ የተሠራ የአምስት ዓመት ፓወር ሰፕላይ ዛሬ ከካርቶን ከወጣ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ይሻላል። ችግሩ ሰው ለመወሰን ቀድሞ የሚያየው ቁጥር፣ ጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት፣ ብዙም የማይነግር መሆኑ ነው። የሚነግረው ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የታተመው ሠንጠረዥ ነው።

ሠንጠረዡ የሚለው

ፓወር ሰፕላይ አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ብቻ አይሰጥም። ዋናዎቹ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የሚቆይ 5 ቮልት አለ፤ ነጌቲቭ 12 ቮልትም በትንሹ አለ። ሠንጠረዡ እያንዳንዱ መስመር ስንት አምፔር እንደሚችል ያሳያል። አምፔሩን በቮልቱ ስናባዛው ዋቱን እናገኛለን።

አንድ የቆየ የ500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ሠንጠረዡ እንዲህ ቢል እናስብ፦ 3.3 ቮልት 24 አምፔር፣ 5 ቮልት 24 አምፔር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግን ከ130 ዋት አይበልጡም። 12 ቮልት በሁለት መስመር ተከፍሎ እያንዳንዱ 18 አምፔር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግን 360 ዋት። እዚህ ላይ 18 እና 18 ደምሮ «36 አምፔር አለኝ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። የሚያዘው የጥምር ጣሪያው ነው፤ 360 ሲካፈል ለ12 ደግሞ 30 አምፔር ነው።

የዛሬ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ኃይላቸውን የሚወስዱት ከሞላ ጎደል ከ12 ቮልት መስመር ነው። ዱሮ እንዲህ አልነበረም፤ የ1990ዎቹ ፕሮሰሰሮች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚመገቡት ከ5 እና ከ3.3 ቮልት ነበር። በ2000 ለፕሮሰሰር ብቻ የተለየ ባለ 4 ፒን የ12 ቮልት መሰኪያ መጣ፤ በ2003 ደግሞ የማዘርቦርዱ ዋና መሰኪያ ከ20 ፒን ወደ 24 ፒን አደገ፤ ክብደቱም ወደ 12 ቮልት ዞረ። አሮጌ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከዋቱ ቀላል የማይባል ድርሻ አሁን ብዙም በማይፈለጉት በ5 እና በ3.3 ቮልት ላይ ይዞት ይገኛል። ከላይ ያለው «500 ዋት» ለአዲሱ ኮምፒውተር 360 ዋት ነው ማለት ነው። ጥሩ አዲስ የ500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ግን ሙሉውን ለማለት በሚያስደፍር መጠን በ12 ቮልት ያቀርባል።

በሌላው በኩል ፈላጊዎቹን እንደምር። ፕሮሰሰር ላይ የሚጻፈው ዋት ያታልላል። ኮር አይ7-12700 «65 ዋት» ይባላል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን እስከ 180 ዋት እንዲስብ ኢንቴል ራሱ ፈቅዶለታል። የኤኤምዲው 65 ዋት ራይዘን እስከ 88 ዋት ይሄዳል፤ 105 የተባለው እስከ 142፣ 170 የተባለው እስከ 230። ስለዚህ የሚደመረው ከፍተኛው ቁጥር ነው። ኮር አይ5-12400 (117 ዋት) ከአርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ (115 ዋት) ጋር ቢገጠም 232 ይሆናል። ለማዘርቦርድ፣ ለሜሞሪ፣ ለዲስኮችና ለማራገቢያዎች 50 ብንጨምር 282 ዋት። ያ የ360 ዋቱ መስመር ጤነኛ ከሆነ ይችለዋል። ኮር አይ7-13700ኬ (253 ዋት) ከአርቲኤክስ 3080 (320 ዋት) ጋር ሲሆን ግን ሁለቱ ብቻቸውን 573 ዋት ናቸው፤ እዚህ ላይ ክርክርም የለም።

ለአሮጌ ፓወር ሰፕላይ የምንመክረው ድምሩ ከ12 ቮልቱ አቅም 70 በመቶ ባያልፍ ነው። በዚህ መለኪያ ከ360 ዋቱ የሚፈቀደው 252 ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ምሳሌያችን በትንሹ ይወድቃል። ደረቅ ሕግ አይደለም፤ 282 ዋት የሚደርሰው ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ እኩል ሙሉ ሲጫኑ ነው፣ ይህ ደግሞ በአብዛኛው ሥራ አይገጥምም። እንዲህ በጠርዝ ላይ ያለውን የሚወስነው የፓወር ሰፕላዩ ዕድሜና ጥራት ነው።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። ግራፊክስ ካርድ የሚስበው ኃይል አማካይ ነው እንጂ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። 320 ዋት የተባለ ካርድ ለሺኛ ሰከንድ ክፍልፋይ ከዚያ በብዙ ሊዘል ይችላል። ተጠቃሚው አያየውም፤ የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ግን ያየዋል፣ «አደጋ ነው» ብሎም ይቆርጣል። በ2022 የወጣው የፓወር ሰፕላይ ደረጃ፣ ኤቲኤክስ 3.0፣ ለአዲሶቹ ካርዶች የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ከተጻፈበት ዋት እጥፉን ለ100 ማይክሮሰከንድ እንዲሸከም የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። የቀድሞዎቹ እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረባቸውም። አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ያለግዴታም ይችሉታል፤ ከሠንጠረዡ ግን ይህንን ማወቅ አይቻልም።

ምን ያረጃል?

በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ዕድሜ የሚቆጥሩት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ እያከማቹ የሚለቁ ክፍሎች) ናቸው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል። አምራቹ ዕድሜያቸውን በሰዓትና በሙቀት ይገልጻል፦ ለምሳሌ በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ዝቅ ባለ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። ያ ካፓሲተር በ75 ዲግሪ ቢሠራ ሦስት ጊዜ ታጥፎ 16,000 ሰዓት ይደርሳል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚበራ ኮምፒውተር ይህ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ነው። በ65 ዲግሪ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት። አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ፓወር ሰፕላይ የሚገድለው በዚህ ሂሳብ ነው፤ ያቺ 10 ዲግሪ ግማሽ ዕድሜ ናት።

ካፓሲተሮቹ ሲደክሙ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው አይሞትም። ቀጥ ብሎ መውጣት ያለበት ቮልቴጅ መርገብገብ ይጀምራል። የኤቲኤክስ ደረጃ በ12 ቮልት ላይ እስከ 120 ሚሊቮልት፣ በ5 እና በ3.3 ቮልት ላይ እስከ 50 ሚሊቮልት መርገብገብን ይፈቅዳል። ከዚያ ሲያልፍ የማዘርቦርዱና የግራፊክስ ካርዱ ካፓሲተሮች የሱን ሥራ ይሠሩለታል፤ እነሱም ይግላሉ፣ እነሱም ያረጃሉ። አዲስ ዕቃ በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ «ተበላ» የሚባለው እንዲህ ነው፤ በአንድ ብልጭታ ሳይሆን በወራት። ሌላው ምልክት መብራት ለቅጽበት ብልጭ ሲል ኮምፒውተሩ ሪስታርት ማድረጉ ነው። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ እንኳ ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል በውስጡ ባለው ክምችት ያንቀሳቅሳል። ያ ክምችት የሚቀመጠው በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዕድሜውን እወቁ፤ የገዛችሁበትን ሳይሆን የተመረተበትን። ዋስትናውም ብዙ ይናገራል፦ አምራቹ ሰባት ወይም አሥር ዓመት ዋስትና የሰጠው ፓወር ሰፕላይ በአምስተኛ ዓመቱ ገና ጎልማሳ ነው፤ የሁለት ዓመት ዋስትና የተሰጠው ግን በአምስተኛው ዓመት አምራቹ ራሱ የተወው ነው። ከአሥር ዓመት ያለፈውን፣ የቱንም ያህል ስም ያለው ቢሆን፣ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ላይ አንሰካውም። ሠንጠረዥ የሌለውን ወይም ማን እንደሠራው የማይታወቀውን ደግሞ አዲስም ቢሆን አንሰካውም። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ሊያዘናጋችሁ አይገባም፤ እሱ የሚለካው ምን ያህል ኤሌክትሪክ በሙቀት እንደሚባክን ነው፣ መከላከያው ይሠራ አይሠራ ወይም ካፓሲተሩ ምን ያህል ይቆይ አይናገርም።

ሚዛን የሚስት አሠራር

ብዙ አሮጌና ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች 12 እና 5 ቮልትን በአንድ ላይ ነው የሚቆጣጠሩት፤ ሁለቱ በአንድ መሪ እንደሚነዱ ናቸው። ጭነቱ በሁለቱም ላይ ሲመጣጠን ችግር የለም። የዛሬ ኮምፒውተር ግን 12ቱን ይጭናል፣ 5ቱን ባዶ ይተወዋል። ያኔ 12 ቮልቱ ወደ 11.5 ሲወርድ ተቆጣጣሪው ሁለቱንም ለማንሳት ይሞክርና 5 ቮልቱ ወደ 5.3 ይወጣል። የሚፈቀደው ግን ከላይም ከታችም 5 በመቶ ነው፦ ለ12 ቮልት ከ11.40 እስከ 12.60፣ ለ5 ቮልት ከ4.75 እስከ 5.25። በ5 ቮልት የሚሠሩት ባለ ሳታ (የተለመደው የዲስክ መሰኪያ) ኤስኤስዲዎችና የዩኤስቢ ዕቃዎች ትርፉን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው።

ተቃራኒው ችግርም አለ። በ2013 ከመጡት የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ጀምሮ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ፕሮሰሰሩ እጅግ ትንሽ ብቻ፣ እስከ 0.05 አምፔር፣ ሊስብ ይችላል። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለውን «ጭነት የለም» ብሎ ሊረዳውና ሊጠፋ ወይም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጌም ላይ ሳይጠፋ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚጠፋ ኮምፒውተር ካጋጠማችሁ ይህን ጠርጥሩ። በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ የፕሮሰሰሩን ጥልቅ የእንቅልፍ ደረጃዎች (ሲ6 እና ሲ7) መዝጋት፣ በራይዘን ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ የፓወር ሰፕላይ ሥራ ፈት መቆጣጠሪያውን ወደ «መደበኛ ከረንት» መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

መሰኪያዎቹ

ዋናው ባለ 24 ፒን ነው፤ 20 ብቻ ያለው ፓወር ሰፕላይ ዕድሜውን ራሱ ስለተናገረ ተዉት። ለፕሮሰሰር የሚሆነው ባለ 8 ፒን፣ አራትና አራት ሆኖ የሚከፈለው ነው። አሮጌው 4 ፒን ብቻ ካለው ባለ 8 ፒን ማዘርቦርድ ላይ ቢሰካ ኮምፒውተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን 12 ቮልቱን የሚያመጡት ሽቦዎች ከአራት ወደ ሁለት ይወርዳሉ። ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃ ይሆናል፤ ለ250 ዋት ፕሮሰሰር መሰኪያው ይግላል፣ ፕላስቲኩም ሊቀልጥ ይችላል። በአንጻሩ ማዘርቦርዱ ከባለ 8 ፒኑ ጎን ተጨማሪ ባለ 4 ቀዳዳ ካለው አትደናገጡ፤ ለተራ አጠቃቀም ባዶውን መተው ይቻላል።

ለግራፊክስ ካርድ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይሰጣል፤ ካርዱ የተተከለበት ቀዳዳ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያዎች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ግን 12 ቮልቱና ግራውንዱ (ጥቁሩ የመመለሻ ሽቦ) የተቀያየሩ ናቸው። መለያው አከፋፈላቸው ነው፦ የፕሮሰሰሩ 4 እና 4፣ የግራፊክስ ካርዱ 6 እና 2። የማይገባ ከሆነ አትግፉት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በጉልበት የገባ መሰኪያ ኮምፒውተር ያቃጥላል። ካርዱ ሁለት መሰኪያ ከፈለገ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች ከፓወር ሰፕላዩ ይምጡለት እንጂ በአንድ ኬብል ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለቱን አትጠቀሙ፤ ያ ለትንሽ ካርድ ብቻ ነው።

መሰኪያ ሲጎድል አስማሚ መግዛት ይቀላል፤ ሁሉም አስማሚ ግን አንድ አይደለም። ከሳታ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይረውን ፈጽሞ አትግዙ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒኑ ግን 75 እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል። ከሞሌክስ (ከአሮጌው ባለ 4 ፒን የዲስክ መሰኪያ) ወደ ሳታ ሲሆን ደግሞ ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የፈሰሰበት የሚመስለውን፣ ሳይከፈት ባንድ ወጥ የተሠራውን ራቁ። ውስጡ ሽቦዎች ተጠጋግተው ይቀሩና ከወራት በኋላ ይነካካሉ፤ ጭስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሽቦው ወደ ፕላስቲኩ ተጭኖ የገባበት፣ ከኋላው የሚከፈተው ዓይነት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ዕቃ የሚያቃጥለው የሚነቀል ኬብል ነው። በሚነቀሉ ኬብሎች ማዘርቦርዱ ወይም ዲስኩ ዘንድ ያለው ጫፍ ደረጃ አለው፤ ፓወር ሰፕላዩ ዘንድ ያለው ጫፍ ግን ምንም ደረጃ የለውም። እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ ይሠራዋል፤ አንዱ አምራች ራሱ በሁለት ሞዴሎቹ መካከል ሊቀያይረው ይችላል። ቅርጹ ስለሚገጥም ይገባል፤ ከዚያም በ5 ቮልቱ ቦታ 12 ቮልት ይመጣና ሃርድ ዲስኩ ከነዳታው ይሄዳል። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ለመቀየር ከወሰናችሁ «ኬብሎቹን እዚያው ልተዋቸው፣ ሳጥኑን ብቻ ልቀይር» አይባልም። ሁሉም ይነቀላል።

አንድ ሳይጠበቅ የሚያደናግር ጉዳይ እንጨምር። አንዳንድ አዳዲስ ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች በሳታ መሰኪያው ሦስተኛ ፒን ላይ 3.3 ቮልት ካገኙ «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ ነው ብለው ይወስዱታል። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ያንን 3.3 ቮልት ስለሚሰጥ ዲስኩ አይሽከረከርም፤ ሰውም ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል። በሞሌክስ አስማሚ በኩል ሲሰካ ይነሳል፤ ሞሌክስ 3.3 ቮልት የለውም።

ፓወር ሰፕላዩ ከፋብሪካ ተገጣጥሞ ከመጣ ኮምፒውተር የወጣ ከሆነ መሰኪያውን በዓይን ሳይሆን በመመሪያ አረጋግጡ። ዴል በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ መደበኛውን ባለ 20 ፒን ቅርጽ ይዞ የውስጥ ሽቦዎቹን የቀያየረበት ጊዜ ነበር። ዛሬም ብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች 12 ቮልት ብቻ የሚሰጥ፣ ባለ 6 ወይም ባለ 10 ፒን የራሳቸውን መሰኪያ ይጠቀማሉ።

ከመግጠም በፊት መፈተሽ

መጀመሪያ ከኋላው ቀይ ማንሸራተቻ ካለው ተመልከቱት። 115 እና 230 ይላል። በ230 ቮልት ኤሌክትሪክ ላይ በ115 ተቀምጦ ቢሰካ በውስጡ ያለው ሰርኪዩት ቮልቴጁን በእጥፍ ያደርገዋል፤ ካፓሲተሮቹ በጩኸት ይፈነዳሉ።

ቀጥሎ ሁሉንም ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ፣ ግድግዳው ላይ ሳይሰካ፣ በባለ 24 ፒኑ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ (16ኛ ፒን) ከጎኑ ካለው ጥቁር (17ኛ ፒን) ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ በቁጥር ተመሩ፦ መንጠቆው ያለበት በኩል ያለው ረድፍ ከ13 እስከ 24 ነው። ከዚያ ሰክታችሁ አብሩት። ማራገቢያው መዞር አለበት፤ አንዳንዶቹ ግን ጭነት ከሌለ ማራገቢያውን አያዞሩም። በመልቲሜትር 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ከሞሌክሱ ቢጫውን (12) እና ቀዩን (5) ከጥቁር ጋር ለኩ። ይህ ግን የሚያሳየው ፓወር ሰፕላዩ መነሳቱን ብቻ ነው፤ ብዙ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ያለጭነት 12.1 ያሳያል።

እውነቱ የሚታየው ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ሲጫን ነው። ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን አንድ ላይ የሚጭን ፕሮግራም ለ30 ደቂቃ አስኪዱና በዚያው ሞሌክስ ላይ ለኩ። ከ11.40 በታች ከሆነ አለቀ። ከዚያ በላይ ሆኖም ያለጭነት ካሳየው ቁጥር ከ0.3 ቮልት በላይ ከወረደ እኛ አናምነውም። በሶፍትዌር የሚታየውን ቮልቴጅ ተዉት፤ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ማሽተትም ፈተና ነው፦ የዓሣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ነቅላችሁ አውጡት።

በሙከራው ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ማራገቢያዎቹ ሁሉ በአንዴ ቢቆሙ፣ ከዚያም ከኋላ ያለውን ማብሪያ አጥፍታችሁ ጥቂት ሰከንድ ካልጠበቃችሁ ካልነሳ፣ መከላከያው ነው የቆረጠው። ኮምፒውተሩ በራሱ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ውስጥ ከርነል-ፓወር 41 የሚል መዝገብ ብቻ ቢገኝ ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን ያሳያል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ ከፓወር ሰፕላይ በፊት ሜሞሪና ድራይቨር ይጠርጠሩ።

ሁኔታው በጠርዝ ላይ ከሆነና አዲስ እስኪገኝ መሥራት ካስፈለገ የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 75 ወይም 80 በመቶ አውርዱት። የሚጠፋው ፍጥነት ትንሽ ነው፤ ቅጽበታዊ ዝላዮቹም አብረው ያንሳሉ።

ማጽዳት ሲያስፈልግ ማራገቢያውን በጣት ይዛችሁ አየር ንፉበት፤ ሳይያዝ በአየር ኃይል ቢሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል። ክዳኑን ግን አትክፈቱ። ትልቁ ካፓሲተር ከግድግዳው ተነቅሎም ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ሥራ ካፓሲተሩን ማራገፍ ለሚያውቅ ቴክኒሺያን ነው።

ከዋናው ኮምፒውተር የወረደው ፓወር ሰፕላይ ፈተናውን ካለፈ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው፣ ከ100 ዋት በታች ለሚሠራ ኮምፒውተር ገና ያገለግላል። ስታስቀምጡት የሚነቀሉትን ኬብሎች ከራሱ ጋር እሰሩና ሞዴሉን ጽፋችሁ ለጥፉባቸው።